ታክሲው ሲቆም እኛ ለምን አንቆምም?

በዚህ እትም ስለ ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ ጥቂት ልናካፍላችሁ አስበናል። ፊዚክስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጥቁር ሰሌዳ፣ ቀመርና የፈተና ወረቀት ነው። ይሁን እንጂ በካምፓላ የምንኖር ሰዎች ታክሲ በተሳፈርን፣ ቦዳ ቦዳ በተፈናጠጥን ቁጥር የምንፈተነው በዚሁ ትምህርት ነው፤ በናኪቫሌ ያላችሁም ጀሪካን ስትሸከሙና ብስክሌት ዳገት ላይ ስትገፉ እንደዚሁ።

ርዕሱን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። ልጆቻችን እዚህ አገር የሚማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ማታ ደብተር ይዘው ሲመጡ ወላጅ በአማርኛ የሚመልሰው ነገር እንዲኖረው አንዱ ነው። ሌላውና ይበልጥ የሚያሳስበን የመንገድ አደጋ ነው። አደጋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድል ብቻ አይደለም፤ በሜትርና በሰከንድ ሊሰላ የሚችል ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ። ትምህርት ቤት ፎርስ የሚሉት እኛ ኃይል የምንለውን ሲሆን፣ መግፋት ወይም መሳብ ማለት ነው። ፍሪክሽን የሚሉት ሰበቃን ነው፤ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ የሌላውን መንሸራተት የሚይዝበት ኃይል። ኢነርሺያን ግን በአንድ ቃል ከመተርጎም ማስረዳት ይቀላል። ማንኛውም ነገር የያዘውን አይለቅም፤ የቆመው እንደቆመ፣ የሚሄደውም በያዘው ፍጥነትና በያዘው አቅጣጫ እንደሄደ መቀጠል ይፈልጋል። ይህን ለማስቀየር ከውጭ የሚመጣ ኃይል ያስፈልጋል።

ከኦልድ ታክሲ ፓርክ ተነስታችሁ ወደ ካባላጋላ ስትሄዱ አስቡት። መውረጃው ሲደርስ አንዱ ተሳፋሪ «ማሶ አዎ!» ብሎ ይጮኻል። (የመጨረሻዋ ቃል የእኛን «አዎ» ስለምትመስል አዲስ የመጣ ሰው የሚስማማ ይመስለዋል እንጂ፣ ነገሩ በሉጋንዳ «እዚያ ፊት ለፊት ላይ» ማለት ነው።) ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ጎማውን የሚይዘው አስፋልቱ ነው። የእኛን ደረትና ጭንቅላት ግን ማን ያዘው? ማንም። ስለዚህ ታክሲው ሲቆም እኛ በነበርንበት ፍጥነት መሄዳችንን እንቀጥላለን፤ የፊተኛው ወንበር እስኪያስቆመን ድረስ። ሰው «ወደ ፊት ወረወረኝ» ይላል፤ በእርግጥ ግን የወረወረው ማንም የለም።

ከካምፓላ ወደ ማሳካና ምባራራ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ ካያብዌ ላይ የምድር ወገብን መስመር አይታችኋል። እዚያ የቆመ ሰው ከመሬት ጋር አብሮ ይዞራል፤ የመሬት ዙሪያ 40,075 ኪሎ ሜትር ስለሆነና በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ስለምትዞር ፍጥነቱ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ታዲያ ለምን አይታወቀንም? ሰውነታችን የሚሰማው ፍጥነትን ሳይሆን የፍጥነትን መለወጥ ስለሆነ ነው። አውቶቡስ በለሰለሰ መንገድ ላይ በ80 ሲበር ተሳፋሪው እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሲያቆም ወይም ሲጠመዘዝ ይነቃል። በነገራችን ላይ፣ ካያብዌ ላይ ለጎብኚዎች ውኃ በሳህን ውስጥ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ በተለያየ አቅጣጫ ሲሽከረከር የሚያሳዩት በውኃው አፈሳስ የሚደረግ ብልሃት ነው። የመሬት መዞር በአውሎ ነፋስ ላይ እንጂ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ በሳህን ውኃ ላይ የሚታይ ጉልበት የለውም።

በጥንት ጊዜ ሊቃውንቱ ሳይቀሩ የሚሄድ ነገር ሁሉ ሳያቋርጡ ካልገፉት ይቆማል ብለው ያምኑ ነበር። ጋሪ ሲቆም ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ጋሪው የሚቆመው ግን መግፋት ስለተውን ሳይሆን ሰበቃ ስለሚይዘው ነው። ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ ይህን መንገድ ከጠረገ በኋላ፣ እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በሦስት ሕጎች አስቀመጠው። ኒውተን የተወለደው በዚያን ጊዜው የእንግሊዝ አቆጣጠር ታኅሣሥ 25 ቀን 1642 ነው፤ ይህ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ታኅሣሥ 29 ቀን 1635 ይሆናል። የገና ዕለት መሆኑ ነው! አፄ ፋሲል ጎንደርን የሚያቀኑበት ዘመን ነበር። በ1665 ወረርሽኝ ገብቶ የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ወደ ገጠር ቤቱ ተመለሰ፤ ከታላላቅ ሐሳቦቹም ብዙዎቹን የጀመረው እዚያው ትምህርት ቤት ተዘግቶበት በተቀመጠበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ሕግ እንዲህ ይላል፦ አንድን ነገር ለማስነሳት ወይም ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል፣ የነገሩ መጠነ ቁስ በየሰከንዱ በሚለወጠው ፍጥነት ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ነገሩ በከበደና ማቆሚያው ጊዜ ባጠረ ቁጥር ኃይሉ ይበዛል።

ይህን በእናቶች ጉዳይ እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ነው። አንዲት እናት 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ታቅፋ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣለች እንበል። ታክሲው በዚህ ፍጥነት ሲሄድ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ በአንድ ሰከንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ ልጁን በክንዷ ለማስቀረት ወደ 1,400 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋታል፤ ይህም ከአንድ ኩንታል ተኩል ብዙም የማይርቅ ሸክም በድንገት እንደመያዝ ነው። የትኛዋም እናት ብትሆን፣ ፍቅሯ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ይህን ክንዷ አይችለውም። ስለዚህ ልጅ የያዘ ሰው ከፊት መስተዋቱ አጠገብ ያለውን ቦታ ለሌላ ቢተው፣ ቀበቶ ያለው ወንበር ካገኘም ቢታሰር እንመክራለን። ሕፃን በአንቀልባ አዝሎ በቦዳ ላይ መፈናጠጥን ደግሞ ብናልፈው ይሻል ነበር፤ ብዙ ስለምናየው ግን ዝም ማለት አልሆነልንም።

አሁን ወደ ፍሬን እንምጣ። በ50 የሚሄድ ሾፌር አደጋ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያች ሰከንድ መኪናው ምንም ሳይቀንስ 14 ሜትር ይሄዳል። ከዚያ ፍሬኑ ሲይዝ፣ አስፋልቱ ደረቅና ጎማው ጥሩ ከሆነ፣ ሌላ 14 ሜትር ይጨምራል፤ በድምሩ 28 ሜትር። መንገዱ ከረጠበ ሰበቃው በግማሽ ያህል ሊቀንስ ስለሚችል ድምሩ 42 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ካምፓላ ደግሞ የኮረብታ ከተማ ነች፤ ከናካሴሮ፣ ከናሚሬምቤ ወይም ከኪቡሊ ቁልቁል ሲወረድ የመሬት ስበት በፍሬኑ ላይ ተቃዋሚ ይሆናል። በየአሥር ሜትሩ አንድ ሜትር በሚወርድ እርጥብ ቁልቁለት ላይ ያው መኪና ለመቆም ከ50 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። ቁጥሮቹ እንደ ጎማው፣ እንደ ፍሬኑና እንደ ሾፌሩ ንቃት ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ሥርዓቱ ግን አይለወጥም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ይህች «አራት እጥፍ» በፈተናም ስለማትቀር ተማሪዎች ልብ በሏት።

ዝናብ ሲጀምር ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ይብሳሉ። በአስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው አቧራና ዘይት ከጥቂት ውኃ ጋር ተደባልቆ ስለሚያንሸራትት ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ይታጠባል። በሙራም መንገድ ላይ ደግሞ፣ ደረቅም ቢሆን፣ ልቅ ጠጠሩ ከጎማው ሥር እንደ ኳስ ይንከባለላል።

መንገድ ማቋረጥን በተመለከተ ከአገር ቤት ለመጡ ሁሉ የምንለው አለን። በኢትዮጵያ መኪና የሚሄደው በቀኝ ነው፤ በኡጋንዳ በግራ ነው። ስለዚህ ከመንገዱ ዳር ስንነሳ ቅርብ ባለው መስመር ላይ የሚመጣብን መኪና ከቀኛችን ነው፤ ዓይናችን ግን ከልጅነት ጀምሮ የለመደው መጀመሪያ ወደ ግራ ማየት ነው። ልማድ ራሱ እንደ ኢነርሺያ ነው፣ በያዘው መሄድ ይወዳል። መጀመሪያ ቀኝ፣ ቀጥሎ ግራ፣ እንደገና ቀኝ። ቦዳ ግን ከሁለቱም በኩል ሊመጣ ስለሚችል እርሱን በሕግ አትገምቱት።

ስሌቱም እነሆ። ሰባት ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ጤነኛ ሰው በተለመደ እርምጃ ለማቋረጥ አምስት ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ በ50 የሚመጣ መኪና 70 ሜትር ይሄዳል። ልጅ የሚመራ ወይም ጀሪካን የተሸከመ ሰው ደግሞ ሰባት ሰከንድ ቢቆይ መኪናው ወደ 100 ሜትር ይጠጋል፤ የእግር ኳስ ሜዳ ቁመት ያህል ማለት ነው። «ገና ሩቅ ነው» የምንለው መኪና ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለም።

ቦዳ ቦዳ በኡጋንዳና በኬንያ ድንበር ላይ ሰውን ከአንዱ ድንበር ወደ ሌላው በሚያመላልሱ ብስክሌቶች የተጀመረ ሲሆን፣ ስሙም «ከድንበር ድንበር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ጥሪ የወጣ ነው። ዛሬ ሞተር ብስክሌት ሆኗል። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ክርክር «ሦስት ሰው ሲጫን ይከብዳልና መሬት ይይዛል፣ ስለዚህ ቶሎ ይቆማል» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ክብደት ሲጨምር ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበት ሰበቃ ይጨምራል፤ ነገር ግን መቆም ያለበት መጠነ ቁስም በዚያው ልክ ስለሚጨምር ትርፉ ይጣፋል። የሚቀረው የፍሬኑ አቅም ነው። ፍሬኑ የተሠራው ለተወሰነ ጭነት ስለሆነ፣ ከዚያ ሲያልፍ ይግላል፣ ይደክማልም። እንዲያውም ከኋላ የተደራረበ ሰው የፊተኛውን ጎማ ስለሚያቀለው መሪው አልታዘዝ ይላል። ስለ ራስ ቁር ደግሞ ይህን ብቻ እንበል፦ በ50 እየሄዱ ከግድግዳ ጋር መጋጨት፣ ከአሥር ሜትር ከፍታ፣ ማለት ከሦስተኛ ፎቅ ገደማ፣ እንደመውደቅ ነው። በ30 ከሆነ ሦስት ሜትር ተኩል ነው። የራስ ቁር ውስጥ ያለው ስፖንጅ የሚሠራው ሥራ ጭንቅላት የሚቆምበትን ጊዜ ማራዘም ነው፤ ጊዜው ሲረዝም ኃይሉ ያንሳል። ቀጥቃጩን «ምፖላ ምፖላ» ማለት፣ ቀስ በል ማለት፣ ነውር የለውም፤ ገንዘቡን የምንከፍለው እኛ ነን።

ለናኪቫሌ አንባብያን ስለ ጀሪካን እናንሳ። 20 ሊትር ውኃ መጠነ ቁሱ 20 ኪሎ ግራም ነው፤ መሬት የምትስበው ግን 196 ኒውተን ያህል በሆነ ኃይል ነው። መጠነ ቁስ የነገሩ ብዛት ነው፣ የትም አይለወጥም፤ ክብደት የስበቱ ኃይል ነው፤ ጨረቃ ላይ ቢወሰድ አንድ ስድስተኛ ይሆናል። ተማሪዎች እነዚህን ሁለቱን በየዓመቱ ያደባልቋቸዋል። ብስክሌት ላይ ሲጫን ደግሞ ሙሉው ጀሪካን ከጎደሎው ይልቅ ጨዋ ነው። በግማሹ ውስጥ ያለው ውኃ በያዘው አቅጣጫ መሄዱን ስለሚቀጥል፣ በማዞሪያ ላይ ወደ ውጭ ይላተምና ብስክሌቱን ይጥላል።

ሦስተኛው ሕግ አጭር ነው፤ የገፋኸው መልሶ ይገፋሃል፣ በእኩል ኃይልና በተቃራኒ አቅጣጫ። ሯጭ ወደ ፊት የሚሄደው እግሩ መሬትን ወደ ኋላ ስለሚገፋና መሬት እርሱን ወደ ፊት ስለምትገፋው ነው። ጭቃ ላይ ሰበቃ ስለሌለ መግፋቱ ከንቱ ይሆናል። የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጠ፤ የካፕቾርዋው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ በ2020 ቫሌንሲያ ላይ 26 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ክብረ ወሰኑን ወሰደው። አማካይ ፍጥነታቸው ሲሰላ የመጀመሪያው በሰከንድ 6.34፣ ሁለተኛው 6.37 ሜትር ነው። ልዩነቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር! ነገር ግን ሁለቱ በዚያ ፍጥነት አብረው ቢሮጡ ኖሮ ቼፕቴጌይ ሲገባ ቀነኒሳ 41 ሜትር ይቀረው ነበር። ከጎረቤቶቻችን ጋር በዚህ ጉዳይ ስትከራከሩ፣ በቶኪዮው ኦሊምፒክ በ2021 ሰለሞን ባረጋ ቼፕቴጌይን ቀድሞ ወርቁን መውሰዱን አትርሱ፤ በፓሪስ በ2024 ደግሞ ቼፕቴጌይ በሪሁ አረጋዊን በ0.30 ሰከንድ እንደቀደመው እነርሱ ያስታውሷችኋል።

ለተማሪዎች አንድ ጥያቄ እንተዋለን። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቦዳ ነጂ አደጋ ካየ በኋላ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ፣ ስልክ እያየ ከሆነ ግን ሦስት ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በሁለቱ መካከል ያለው የርቀት ልዩነት ስንት ሜትር ነው? መልሱን ከነአሠራሩ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።