ለሰፊ ግቢ የሣር ማጨጃ ስንመርጥ፦ ከሁምቦ ተዳፋት የሚነሡ የፊዚክስ ጥያቄዎች

ሰፊ ግቢ ያላቸው ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የስፖርት ሜዳዎች ክረምት በገባ ቁጥር ሣር የማሳጨድ ሥራ ይጠብቃቸዋል። ለዚህ ሥራ ከሚገዙት መሣሪያዎች አንዱ አነስተኛ ትራክተር የሚመስለው፣ ሠራተኛው ላዩ ላይ ተቀምጦ የሚነዳው የሣር ማጨጃ ነው። ገዥዎች ስለዚህ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ ዋጋውንና የፈረስ ጉልበቱን። እኛ ግን ሌሎች ሦስት ጥያቄዎች መቅደም አለባቸው እንላለን። የታጨደው ሣር ለምን ይፈለጋል? ቦታው ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ ይላል? መሬቱስ ምን ያህል ያዘነብላል? ለእነዚህ መልስ ለማግኘት ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያለፈ ዕውቀት አያስፈልግም።

ሦስቱም ጥያቄዎች በአንድ ስፍራ ተገናኝተው የሚገኙት በሁምቦ ነው። ሁምቦ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በወላይታ ዞን፣ ከሶዶ ከተማ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኝ ወረዳ ሲሆን፣ መሬቱ ከአባያ ሐይቅ አቅጣጫ ተነሥቶ ወደ ተራራ ይወጣል። በወላይታ ገጠር ከመኖሪያ ቤት ፊት ለፊት ሣር የለበሰ ሜዳ መተው የቆየ ልማድ ነው። በሁምቦ ተራራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረ ሥራ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከግጦሽና ከእንጨት ቆረጣ ተከልሎ፣ ከቆዩ ጉቶዎች የሚያቆጠቁጡ ቀንበጦች እየተመለመሉ ደኑ እንዲመለስ ተደርጓል። በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚጠበቀው ይህ ደን እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዝግቧል። ከብት ወደ ክልሉ ስለማይገባ ሣሩ እየታጨደ ወደ ከብቱ ይወሰዳል። ስለዚህ በሁምቦ ሣር ማጨድ ግቢን ከማሳመር ያለፈ ትርጉም አለው።

ሣር እንዴት ይቆረጣል?

ማጭድ የያዘ ገበሬ በአንድ እጁ ሣሩን ይጨብጣል፤ በሌላው ማጭዱን ወደ ራሱ ይስባል። የሚጨብጠው እጅ የሥራው እኩሌታ ነው። ሣሩ ካልተያዘ ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለት ያጎብጠዋል እንጂ አይቆርጠውም። እንግዲህ ሣርን ለመቁረጥ ሁለት መንገድ አለ ማለት ነው፤ ወይ ሣሩን መያዝ፣ ወይም ሣሩ ለመጉበጥ ጊዜ እስከማያገኝ ድረስ ስለቱን ማፍጠን።

እንግሊዛዊው ኤድዊን በዲንግ እ.ኤ.አ. በ1830 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት የመጀመሪያው የሣር ማጨጃ የተከተለው አንደኛውን መንገድ ነው። ሐሳቡን ያገኘው በፋብሪካ ውስጥ የሱፍ ጨርቅን ፀጉር ከሚከረክመው መሣሪያ ሲሆን፣ ሣሩ በሚዞሩ ስለቶችና በማይንቀሳቀስ ስለት መካከል እንደ መቀስ ይቆረጥ ነበር። ዛሬም እንደ መጋዝ ጥርስ በተደረደሩ ስለቶች ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሚያጭደው መሣሪያ በዚሁ መርሕ ይሠራል።

ተቀምጠው የሚነዱት ማጨጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው በሁለተኛው መንገድ ነው። ከመሸፈኛው ሥር ያለው ስለት 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ኖሮት በደቂቃ 3,400 ጊዜ ይዞራል እንበል። ጫፉ ከመካከሉ በ0.25 ሜትር ስለሚርቅ ፍጥነቱ በሴኮንድ 89 ሜትር፣ በሰዓት ደግሞ 320 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሣሩ በግዝፈቱ የተነሣ በዚህ ፍጥነት ሸሽቶ ማምለጥ አይችልምና ባለበት ይቆረጣል።

የሁለቱ መንገዶች ልዩነት በታጨደው ሣር ላይ ይታያል። መቀስ መሰሉ መሣሪያ ሣሩን ሳይሰባብር መሬት ላይ ያስተኛዋል፤ ስለዚህ ለድርቆሽ ይመቻል። ዟሪው ስለት ግን ሣሩን ከትፎ ይበትነዋል። እርጥብ ክትፋት ተከምሮ ሲቆይ ፈጥኖ ይሞቃል፣ ይብላላል፤ ለከብት መኖነት አይሆንም። ሣሩ ለመኖ የሚፈለግ ከሆነ ውድ የሆነው ባለ መቀመጫ ማጨጃ ከማጭድ ያነሰ አገልግሎት ይሰጣል ማለት ነው።

ከፍታ የሚቀንሰው ጉልበት

የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው ከሚስበው አየር ጋር ቀላቅሎ ነው። ከፍ ወዳለ ቦታ ስንወጣ አየሩ ይሳሳል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከ80 በመቶ ትንሽ ያንሳል። በዚህ የተነሣ ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከ3 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ጉልበት ያጣል። በባሕር ወለል 18 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የአባያ ዳርቻ 15.5 ያህል፣ በ2,000 ሜትር ላይ ደግሞ 14 ያህል ብቻ ይሰጣል። በሽያጭ ወረቀት ላይ የተጻፈው አኃዝ ለእኛ ከፍታ የተለካ አይደለምና ገዥው አንድ አምስተኛውን ቀንሶ ማሰብ ይኖርበታል።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። በቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ደጋ ሲመጣ አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፤ ነዳጅም ይባክናል። መፍትሔው ቀዳዳው ጠበብ ያለ የነዳጅ ማስተላለፊያ ማስገጠም ነው።

ተዳፋትና መገልበጥ

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የሠራተኛው ሕይወት ነው። የእነዚህ መሣሪያዎች መመሪያ በአብዛኛው ከ15 ዲግሪ በላይ ባዘነበለ መሬት ላይ እንዳይነዱ ያስጠነቅቃል። አኃዙ ከየት መጣ?

በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 80 ሴንቲ ሜትር፣ የመሣሪያውና የነጂው የጋራ የክብደት መካከል ደግሞ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል። መሣሪያው ቆሞ ሳለ የሚገለበጠው የተዳፋቱ ታንጀንት ከ40 ለ60፣ ማለትም ከ0.67 ሲበልጥ ነው። ይህም 34 ዲግሪ ያህል ነው። ታዲያ 15 ዲግሪ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይደለምን?

አይደለም። የ15 ዲግሪ ታንጀንት 0.27 ነው። ነጂው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር እየሄደ በአንድ ሜትር ሬዲየስ ሽቅብ ቢታጠፍ መዞሩ 0.28 ይጨምርበታል። የታችኛው ጎማ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው ጉድጓድ ቢገባ ሌላ 0.10 ይታከላል። ድምሩ 0.65 ነው። ከመገልበጥ የሚለየን 0.02 ብቻ ሆነ ማለት ነው። እርጥብ ሣር የሚያስከትለውን መንሸራተት ገና አልቆጠርንም።

ተዳፋቱን ለመለካት አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨትና ግማሽ ድረስ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ይበቃል። የእንጨቱን አንድ ጫፍ በላይኛው በኩል መሬት አስይዘን፣ ጠርሙሱን በላዩ አጋድመን እንጨቱን እናስተካክላለን፤ ከዚያም ከሌላው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ርቀት እንለካለን። ከ27 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ተዳፋቱ 15 ዲግሪን አልፏል። ከዚህ በታች ባለ ተዳፋትም ቢሆን በባለ መቀመጫው መሣሪያ ማጨድ የሚገባው ሽቅብና ቁልቁል እንጂ ወደ ጎን አይደለም።

ስፋትና ጊዜ

አንድ ሜትር ስፋት የሚያጭድ መሣሪያ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በስሌት 6,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። መታጠፊያውና ተደራራቢው ሲቀነስ 4,500 ያህል ይቀራል። ስለዚህ 105 በ68 ሜትር የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይጠናቀቃል። ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው፣ በእግር እየተከተሉ የሚገፉት ማጨጃ በበኩሉ በሰዓት 1,500 ካሬ ሜትር ያህል ያጭዳል። 500 ካሬ ሜትር ላለው ግቢ ሥራው የ20 ደቂቃ ነውና ባለ መቀመጫውን መግዛት ትርፍ ወጪ ነው።

መሣሪያውን ለማቆየት

የስለት ሚዛን ብዙዎች የማይጠነቀቁለት ነገር ነው። ድንጋይ የመታው ስለት ከጫፉ 10 ግራም ቢያጣ፣ ከላይ ባሰላነው ፍጥነት የሚፈጠረው ኃይል 317 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም የ32 ኪሎ ግራም ክብደት ማለት ነው። ይህ ኃይል በሴኮንድ 57 ጊዜ አቅጣጫውን እየቀያየረ የስለቱን ዘንግና ኩሽኔታ ይገዘግዛል። ስለዚህ ስለቱ በየ25 የሥራ ሰዓቱ ገደማ በሞረድ ሲሳል፣ በመካከለኛ ቀዳዳው ምስማር ላይ ሰቅሎ ማየት ያስፈልጋል። አንዱ ወገን ካዘቀዘቀ ያው ወገን ይሞረዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን አስቀድሞ ሞተሩ መጥፋትና የካንዴላው ገመድ መነቀል አለበት።

የሞተር ዘይት መሣሪያው ለጥ ባለ መሬት ላይ ቆሞ ከሥራ በፊት ሁልጊዜ ይታያል፤ በየ50 ሰዓቱም ገደማ ይለወጣል። በበጋ አቧራ የአየር ማጣሪያው ስለሚደፈን ቶሎ ቶሎ መጽዳት ይገባዋል። በክረምት ደግሞ ከመሸፈኛው ሥር የሚጋገረው እርጥብ ሣር ብረቱን ስለሚያዝግ ከየሥራው በኋላ ይፋቃል። የጎማዎቹ ንፋስ እኩል ካልሆነ ሣሩ ተንጋዶ ይታጨዳል። መሣሪያው ለወራት የሚቆም ከሆነ ቤንዚኑን አስቀድሞ መጨረስ ይበጃል፤ የቆየ ቤንዚን ሙጫ መሰል ዝቃጭ እየተወ ካርቡራተሩን ይደፍናልና። ሣሩንም በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሢሶ በላይ አለመቁረጥ ለሣሩም ለሞተሩም ዕረፍት ነው።

እንግዲህ ለጥ ላለና ሰፊ ለሆነ፣ ሣሩም ለመኖ ለማይፈለግበት ሜዳ ባለ መቀመጫው ማጨጃ ተገቢ ምርጫ ነው። የሜዳው ሣር ለድርቆሽ ከተፈለገ መቀስ መሰሉ ይሻላል። በሁምቦ ተራራ ግን ሣሩ የሚበቅለው ከጉቶ በሚያቆጠቁጡ ቀንበጦች መካከል ነው። በሴኮንድ 89 ሜትር የሚበር ስለት ነገ ዛፍ የሚሆነውን ቀንበጥ ከሣር አይለይም። ሣሩን የሚጨብጠው እጅ ግን ከመቁረጡ በፊት ምን እንደያዘ ያውቃል። በዚያ ተዳፋት ላይ ማጭዱ የቀጠለው መሣሪያ ስለታጣ ብቻ ሳይሆን ለሥራው ትክክለኛው መሣሪያ ስለሆነም ጭምር ነው። አንባብያን የየትምህርት ቤታቸውን ግቢ ስፋት፣ ከፍታና ተዳፋት ለክተው የትኛው መሣሪያ እንደሚስማማው እንዲያሰሉ እንጋብዛለን።