ሳይታመሙ መመርመር፦ የማኅፀን በር ካንሰርና የወለጋ እናቶች

ደዌ ሁሉ በሕማም የሚታወቅ ቢሆን ኖሮ የሰው ልጅ ወደ ሐኪም ለመሄድ ባልዘገየ ነበር፤ የማኅፀን በር ካንሰር ግን በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ያለ ሕማም በስውር የሚያድግ በመሆኑ፣ ከነቀምቴ ከተማ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር እስከ ጊምቢና ነጆ የምትኖር እናት፣ ቤቷን እያስተዳደረች ገበያዋንም እየዋለች፣ ጤነኛ ነኝ ብላ ብታምን የሚያስወቅሳት አይደለም።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ በዚህ ደዌ አዲስ የተያዙት ሴቶች 7,445፣ የሞቱትም 5,338 እንደሚሆኑ ተገምቷል። መንሥኤው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ነው። ምርመራው ቀላል ነው፤ ባለሙያዋ የማኅፀኑን በር በተበረዘ አሴቲክ አሲድ ስትቀባው ካንሰር ሊሆን የተሰናዳው ሥፍራ ይነጣል፤ ያም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። የአገሪቱ መመሪያም ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በየ5 ዓመቱ እንዲመረመሩ ያዝዛል።

ታዲያ ብዙ ሴቶች ስለምን ሳይመረመሩ ይቀራሉ? አንዲቱ ገላዋን በወንድ ባለሙያ ፊት መግለጥ ስለሚያሳፍራት፣ ሌላይቱ ደዌው ከሩካቤ የመጣ መሆኑን ሰምታ ምርመራውን መጠየቅ ዝሙትን እንደ መናዘዝ እንዳይቆጠርባት ስለምትሰጋ፣ ሦስተኛይቱ ደግሞ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደ ነበረ ስለምታውቅ፣ መድኃኒቱ ከማይደረስበት ሕመሙን አለማወቅ ይሻላል ብላ ትቀራለች። በዚህም ላይ በምዕራብ ወለጋ ለዓመታት የዘለቀው የጸጥታ መታወክ መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል።

የሚመጡት ግን እነማን ናቸው? እኅታቸውን ወይም ጎረቤታቸውን በዚህ ደዌ የቀበሩ፣ ወይም ለሌላ ጉዳይ በመጡበት ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ በገዛ ቋንቋቸው በኦሮምኛ «ይህንንም ታዪ» ያለቻቸው ናቸው። እንግዲህ የጎደለው የሴቶቹ ልቡና ሳይሆን የሚጠይቃቸው ሰው ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት መጪውን ትውልድ ይጠብቃል፤ እናቶቻቸውን ግን የሚጠብቃቸው ምርመራው ብቻ ነው። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ ወደ እናንተ የመጣችውን እናት ሁሉ ሳትጠይቁ አታሰናብቱ፤ ካህናትና ሽማግሌዎችም ይህ ደዌ የኀጢአት ምልክት አለመሆኑን በግልጥ አስተምሩ፤ ባሎችም የመንገዱን ወጪ ሳትሰስቱ ስጡ። አንቺም ሠላሳ ዓመት የሞላሽ እኅት ሆይ፣ ሕማም እስኪሰማሽ አትጠብቂ።