ሙዚቀኞች በኢንተርኔት አብረው መጫወት ለምን አቃታቸው?

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ጃዝ ሙዚቃና ስለ ኮሮና ጊዜ ነው። «ሁለቱን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉኝ፣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

በመጀመሪያ ጃዝ ምንድን ነው? ጃዝ በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ በጥቁር አሜሪካውያን የተጀመረ ሙዚቃ ነው። በእኛም አገር ሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር አዋህደው ኢትዮ ጃዝን ፈጥረዋል። ጃዝ ልዩ የሚሆነው ተጫዋቾቹ ብዙውን ዜማ እዚያው መድረክ ላይ እየፈጠሩ ስለሚጫወቱ ነው። አዝማሪ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው እያየ ግጥም እንደሚፈጥረው ማለት ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ አንድ ነገር ሲጫወት ከበሮ መቺው ይመልስለታል፣ ባስ ጊታሩም ሰምቶ ይከተላል። ስለዚህ መደማመጥ ከሌለ ጃዝ የለም።

አሁን ወደ ኮሮና እንምጣ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ወዲያው ትምህርት ቤት ተዘጋ። በዚያው ሰሞን የኒው ዮርክ የጃዝ ቤቶችም ተዘጉ። ከነሱ አንዱ ቪሌጅ ቫንጋርድ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የሚሠራ ምድር ቤት ውስጥ ያለ ጠባብ ቤት ነው፣ ሰው ተጠጋግቶ ነው የሚቀመጠው። ለበሽታው ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ይመቸዋል። ሳክስፎንና ትራምፔት በትንፋሽ የሚነፉ ስለሆኑ አፍን በማስክ ሸፍኖ መጫወትም አይቻልም። በሽታው ታላላቅ ሙዚቀኞችን ወስዷል። ለምሳሌ ብዙ የጃዝ ሰዎችን ያስተማሩት የኒው ኦርሊንሱ ፒያኒስት ኤሊስ ማርሳሊስ በ85 ዓመታቸው ያረፉት በዚያ ወቅት በኮሮና ምክንያት ነው። በሕይወት ያሉትም ቢሆኑ መድረክ ከሌለ ገቢ የላቸውም።

ታዲያ «ለምን ሁሉም ቤቱ ሆኖ በቪዲዮ ጥሪ አብረው አይጫወቱም?» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንን ነው። መልሱ ያለው ሳይንስ ውስጥ ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ በ1 ሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል። ከሩቅ ሰው እንጨት ሲፈልጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጥረቢያው ሲያርፍ እናያለን፣ ድምፁ ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ከእናንተ 10 ሜትር ርቆ የቆመ ተጫዋች ድምፁ እስኪደርሳችሁ ወደ 30 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። (1 ሚሊ ሰከንድ ማለት 1 ሰከንድ ለ1,000 ሲካፈል ነው።) ሙዚቀኞች እስከዚህ ድረስ እንደምንም ይችሉታል። ከዚህ በላይ ሲሆን ምቱን አብሮ መያዝ እየከበደ ይሄዳል።

በቪዲዮ ጥሪ ላይ ግን ድምፃችን መጀመሪያ ወደ ቁጥር ይቀየራል፣ ከዚያ ተቆራርጦ ይላካል፣ በብዙ ማሽኖች ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ ተገጣጥሞ ነው የሚሰማው። በዚህ የተነሳ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይዘገያል። ይህ ማለት 34 ሜትር ተራርቆ እንደ መጫወት ነው። በዚያ ላይ እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለንግግር ስለሆነ የከበሮን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥረው ሊቀንሱት ይችላሉ።

እኔና የአክስቴ ልጅ ይህንን ሞክረነዋል። እሷ አዳማ ነው የምትኖረው። በስልክ ሆነን አንድ ላይ ማጨብጨብ ጀመርን። እኔ የሷን ጭብጨባ ስሰማ ዘግይቷል፣ እንድትደርስብኝ ብዬ ቀስ አልኩ። እሷም የኔ ስለዘገየባት ቀስ አለች። እኔ ደግሞ የሷን ቀስ ማለት ሰምቼ የባሰ ቀስ አልኩ። እንዲህ እያልን መጨረሻ ላይ ልንቆም ምንም አልቀረንም! ሳቃችን ነው የመጣው። ለበዓል ስትመጣ እዚያው እቤት ቁጭ ብለን ስናጨበጭብ ግን አንድም አልተዛነፍንም።

«የተሻለ ስልክ ቢኖርስ?» ለሚል መልስ አለኝ። ከአዲስ አበባ ኒው ዮርክ በቀጥታ ወደ 11,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በኢንተርኔት የመስታወት ገመድ ውስጥ ብርሃን በ1 ሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አካፍሉት፣ 55 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል። ማሽኖቹ ምንም ባያዘገዩት እንኳ መንገዱ ብቻውን ይህን ያህል ይወስዳል። ብርሃንን ደግሞ ማንም ሊያፈጥነው አይችልም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጃክትሪፕ የሚባል መዘግየትን የሚቀንስ ፕሮግራም ተሠርቷል፣ በኮሮና ጊዜም ሙዚቀኞች ተጠቅመውበታል። እሱም ቢሆን ጥሩ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ተጫዋቾቹም በጣም መራራቅ የለባቸውም።

«በቪዲዮ ሁሉም በየሳጥኑ ሆኖ ሲጫወት አይተን የለም ወይ?» ልትሉም ትችላላችሁ። ልክ ነው፣ ግን ብዙዎቹ አብረው አልተጫወቱም። እያንዳንዱ ለብቻው ተቀርጾ በኋላ በኮምፒውተር ነው የተገጣጠመው። ለመዝሙር ጥሩ ነው። ለጃዝ ግን የመልስ ምልሱ ይቀራል።

ታዲያ መፍትሔው ምን ሆነ? ኤሜት ኮኸን የሚባል ወጣት ፒያኒስት በኒው ዮርክ፣ ሐርለም በሚባለው ሰፈር ይኖር ነበር። ጃዝ ቤቶቹ ሲዘጉ ባስ የሚጫወተው ራስል ሆልና ከበሮ የሚመታው ካይል ፑል እሱ ቤት እየመጡ፣ ሦስቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነው መጫወት ጀመሩ። ሰኞ ማታ ማታም በቀጥታ በኢንተርኔት ያስተላልፉ ነበር። በየአገሩ ቤቱ የተዘጋበት ሰው ያያቸዋል፣ የፈለገም ገንዘብ ይልክላቸዋል። ቪሌጅ ቫንጋርድም ከጥቂት ወራት በኋላ ባዶ ወንበር ፊት እያጫወተ ማስተላለፍ ጀመረ።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ስርጭቱ አድማጭ ጋ ሲደርስ ብዙ ሰከንዶች ይዘገያል፣ ግን ማንንም አይጎዳም፣ ምክንያቱም አድማጩ ብቻውን ነው የሚሰማው። ጉዳቱ ያለው በተጫዋቾቹ መካከል ሲዘገይ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ሙዚቃውን ሩቅ ያደርሳል፣ ሙዚቃው ግን የሚሠራው በሚሰማሙ ሰዎች መካከል ነው።

ይህ ነገር የኛንም ትምህርት ያስታውሰኛል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ትምህርቱ እኛ ጋ ይደርሳል። መምህሩ ሲጠይቁ ግን እቤት ሆነን መልሱን ብንጮህ አይሰሙንም። ያልገባው ልጅ ፊቱን አይተው «እስቲ ልድገመው» ሊሉ አይችሉም። የሄደ ነገር አለ፣ የሚመለስ ግን የለም። መምህራኖቻችን ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» እያሉ ሲጠይቁን አንዳንዴ ይሰለቸናል። ለካ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ለክበባችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። አይበለውና እንደዚያ ያለ ጊዜ ቢመጣ፣ በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ቤት የሚኖሩ ልጆች አንድ ቡድን ይሁኑ። ክራርም ይሁን ከበሮ ይዘው አንድ ላይ ይለማመዱ፣ ሌሎቻችን በስልክ እንሰማቸዋለን። እስከዚያው ግን አንድ ግቢ ውስጥ ስለሆንን ዓርብ ዓርብ ከክፍል በኋላ ለልምምድ ኑ። ማጨብጨብ የሚችል ሁሉ ይችላል።

እናንተም የጭብጨባውን ሙከራ በስልክ ሞክሩትና ውጤቱን ጽፋችሁ በክበባችን የሐሳብ መስጫ ሳጥን ውስጥ አስገቡልን። በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!