ሞገዱ ነው ዝም ያለው ወይስ ጆሯችን ነው ያልሰማው?

የአማተር ሬዲዮ ወዳጆች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ስሞታ አለ፤ መቀበያቸውን ከፍተው የአጭር ሞገድ ክልሎችን ከዳር እስከ ዳር ቢያስሱ የሰው ድምፅ እንደ ቀድሞው አይሰማም። ስሞታው መሠረተ ቢስ አይደለም። ሆኖም ዝምታው የመጣው ሰዎች መሣሪያቸውን ስለ ዘጉ ብቻ ነው የሚለው ድምዳሜ አላሳመነንም።

በቅድሚያ ሰማዩን እንመልከት። የአጭር ሞገድ ምልክት ውቅያኖስ የሚሻገረው፣ የፀሐይ ጨረር ከአቶሞች ኤሌክትሮን በነጠቀበት አዮኖስፌር በተባለው የአየር ንጣፍ ውስጥ ታጥፎ ወደ ምድር ስለሚመለስ ነው። የኤሌክትሮኖቹ ብዛትም በ11 ዓመት ገደማ ከሚመላለሰው የፀሐይ ዑደት ጋር ይጨምራል፣ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጫፉ ላይ የደረሰው 24ኛው ዑደት በመቶ ዓመት ውስጥ ከታዩት ደካሞች አንዱ ነበር፤ ወደ ማብቂያው ሲቃረብም የ28 ሜጋኸርዝ ክልል ጭር አለ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ጫፉ ላይ የደረሰው 25ኛው ዑደት ከቀዳሚው በርትቶ ታይቷል። ሰማዩ ተከፍቶም ድምፅ ካነሰ ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ይላል።

ዋናው ነገር የመነጋገሪያው ስልት መለወጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ የሆኑት ጆ ቴይለርና ባልደረባቸው ስቲቭ ፍራንኬ በ2017 ኤፍቲ8 የተባለ ዲጂታል ስልት አወጡ። የንግግር ድምፅ 2500 ኸርዝ ገደማ ስፋት ሲይዝ፣ ኤፍቲ8 50 ኸርዝ ብቻ ይበቃዋል። የጫጫታ፣ ማለትም ያልተፈለገ ምልክት፣ ኃይል ከስፋቱ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ስፋቱ ከሃምሳ አንድ እጅ ሲሆን ጫጫታውም ከሃምሳ አንድ እጅ ይሆናል። መልእክቱ 77 ቢት ብቻ ሆኖ በ12.6 ሰከንድ ተዝናንቶ መላኩና ስሕተት አራሚ ኮድ መያዙ ሲታከልበት፣ በ2500 ኸርዝ ውስጥ ካለው ጫጫታ 100 ጊዜ ያህል ያነሰ ምልክት እንኳ በኮምፒዩተር ይነበባል። ጆሮ ግን ቢሰማ የሚሰማው ፉጨት ነው። በ14.074 ሜጋኸርዝ ዙሪያ ብዙ ጣቢያዎች ተጠጋግተው ሲሠሩ የቀረው ክልል ወና ይመስላል። በከተማ የሚኖር አማተር ስልቱን የመረጠው ወዶ ብቻም አይደለም፤ ርካሽ የስልክ ቻርጀርና የኤልኢዲ አምፖል የሚረጩት ጫጫታ ደካማውን ድምፅ ይውጥበታል።

ይሁንና የጠፋ ነገር አለ። በኤፍቲ8 የሚለዋወጡት የጥሪ ምልክት፣ የሥፍራ ኮድና የምልክት ጥንካሬ ነው፤ ወግ የለም፣ ጀማሪውም ከአንጋፋው ጨዋታ የሚቀስመው የለም። በድምፅ ክልሉ ደግሞ ሁሉም ጥቂት አዳምጦ «ማንም የለም» እያለ ይዘጋል። ሁሉ አድማጭ፣ ጠሪ ግን የሌለበት ሞገድ ክፍት መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል፤ በዚያ ያለው አዮኖስፌር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚታወክበትን ጠባይ አስቀድሞ መተንበይ ዛሬም አስቸጋሪ ነው። የአማተሮች ምልክት ለምርምር እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 2017 በአሜሪካ በታየው የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ተረጋግጧል፤ ግንኙነታቸው ተመዝግቦ የአዮኖስፌር ለውጥ ተጠንቶበታል። ኢቲ3ኤኤ በአዲስ አበባ የአምስት ኪሎው ክበብ የጥሪ ምልክት ነው። ከዚያ የሚነሣ አንድ ጥሪ በዚህ ሰማይ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ከአውሮፓ ወደ አውሮፓ የሚላኩ መቶ ጥሪዎች የማይነግሩንን ይነግረናል።