ዝቅ ያለች ቮልስ

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ቮልስ ከሩቅ ስትመጣ የባለቤቷን ነገር ከቁመቷ መገመት ይቻላል። ፋብሪካ በሰጣት ልክ ቀጥ ብላ የምትሄደው ብዙውን ጊዜ ከአባት ለልጅ የተላለፈች ናት። አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ፣ የጎማዋን አናት በፓራፋንጎ ሸፍና ብቅ የምትለው ግን ባለቤቷ ስንት ቅዳሜውን ጋራዥ ያሳለፈላት ናት። ሰኞ ጠዋት ይቺው መኪና ልጅ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ቢሮ ትሄዳለች፣ ማታ አትክልት ጭና ትመለሳለች።

አገሩ ቮልስን በደንብ ያውቃታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። በዓለም ላይ 21,529,464 ከተሠሩ በኋላ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ከሚገኘው የፑዌብላ ፋብሪካ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከለከለ። እጅ ላይ ያለችውን አሮጌ መኪና አድሶና በራስ ልክ ቀርጾ መንዳት ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ሚዛን የሚደፋ ሐሳብ ሆኗል።

ቮልስን ዝቅ አድርጎ የመንዳት ፋሽን የተወለደው ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ኦሬንጅ አውራጃ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ እዚያ የነበሩ ወጣቶች ቮልስን በአጭር ርቀት የፍጥነት ውድድር ያሽቀዳድሟት ነበር። ፓራውልቷን ፈቱ፣ በጎኗ የሚሄደውን የሚያብረቀርቅ ጌጥ አነሱ፣ ፊቷን ዝቅ አደረጉ፣ ከኋላ ያለውን ሞተር አጎለበቱ። ሆት ቪደብሊውስ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1975 ይህን መልክ «ካሊፎርኒያ ሉክ» ብሎ አስተዋወቀው፤ ስሙም እንደዚያው ቀረ።

የሌላ መኪና ባለቤት ዝቅ ማድረግ ሲያምረው አጭር ሞላ ይገዛል። አንዳንዱ፣ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ቢሆንም፣ ያለውን ሞላ ይቆርጣል። ሱፐር ቢትል ከሚባሉት በስተቀር ቮልስ ግን ሞላ የላትም። ክብደቷን የሚሸከመው ተጠምዝዞ የሚመለስ ብረት ነው።

ከኋላ፣ በወርዷ በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ፣ በግራና በቀኝ አንዳንድ ድፍን ዘንግ ተቀምጧል። የዘንጉ የውስጥ ጫፍ 40፣ የውጭው ጫፍ 44 ጥርስ አለው። ውበቱ እዚህ ልዩነት ላይ ነው። በውስጥ በኩል አንድ ጥርስ ማለፍ 9 ዲግሪ ያዞራል፤ በውጭ በኩል ደግሞ 8 ዲግሪ ከትንሽ። መካኒኩ አንዱን ጫፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አንዳንድ ጥርስ ሲያሳልፍ አንድ ዲግሪ እንኳ የማይሞላ ለውጥ ያገኛል፤ ጎማው ጋ ሲደርስ 6 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። የውጭው ብቻ አንድ ጥርስ ከዞረ ግን ኋላዋ ወደ 6 ሴንቲሜትር ይወርዳል። አንድም ነገር ሳይቆረጥ፣ አዲስ ዕቃ ሳይገዛ፣ በቁልፍና በትዕግሥት ብቻ! ዘንጉን ከጎማው የሚያገናኘው የብረት ሰሌዳ ግን በብርቱ ጉልበት ተወጥሮ ስለሚቀመጥ ሳይደገፍ ከተፈታ እጅ ይሰብራል።

ፊቷ ይበልጥ ያስቸግራል። እዚያ አንዱ ካንዱ በላይ የተዘረጉ ሁለት ቱቦዎች አሉ፤ በየቱቦው ውስጥ ቀጫጭን ብረቶች ተነባብረው መሀላቸው ላይ በብሎን ታስረዋል። ቁመቱን እንደ ልብ ለመለወጥ ቱቦው መሀል ላይ ተቆርጦ ማስተካከያ ይበየድበታል። ሌላው መንገድ ጎማው የሚታሰርበትን እጅ ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጎ በተሠራ መተካት ነው። ይህኛው ፊቷን ወደ 6 ሴንቲሜትር ሲያወርድ የብረቶቹን እንቅስቃሴ ስለማይነካ፣ በየቀኑ ለሚነዳ ሰው የተሻለው እሱ ነው።

ስህተት ከተሠራ መጀመሪያ የሚናገረው ጎማ ነው። በብዙዎቹ የቆዩ ቮልሶች የኋላ አክስል የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ስለሆነ፣ መኪናዋ በወረደች ቁጥር የኋላ ጎማዎች አናታቸው ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ዝንባሌው ከበዛ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ቀድሞ ያልቃል። ፊቷ ከኋላዋ እጅግ ዝቅ ካለ ደግሞ መሪው ቀጥ ብሎ የመመለስ ጠባዩን ያጣል፤ በፈጣን መንገድ ላይ መኪናዋ መዋለል ትጀምራለች። መድኃኒቱ ከታችኛው የፊት ቱቦ ጀርባ ስስ ብረት አስገብቶ ማዕዘኑን መመለስ ነው። ሾክ አብዞርበርም ማጠር አለበት፤ ረጅሙ እንዳለ ከቀረ በየጉድጓዱ እስከ መጨረሻው ተጨፍልቆ ይመታል።

ከዚያ የአዲስ አበባ መንገድ አለ። ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ ከመሬት የምትርቀው 15 ሴንቲሜትር ያህል ነው። 6 ሲቀነስ የቀረው 9 ለፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ለኮብልስቶን፣ በክረምት ውኃ ለሸፈነው ጉድጓድ ሁሉ መብቃት አለበት። ከኋላ ወደ መሬት ከሚቀርቡት አንዱ የሞተሩ ሆድ ነው፤ በውስጡ ያለው ዘይት በጠቅላላ 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ የክዳኑ መሰንጠቅ በጥቂት ደቂቃ ሞተሩን ያደርቀዋል። ስለዚህ ለዕለት ሥራ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ማውረድ ይበቃል። ዓይን ለውጡን ያየዋል፣ ጀርባም ይችለዋል።

ሞተሩን ማጎልበት ሌላው ፈተና ነው። የ1200ው ጉልበት 34 ፈረስ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያም ላይ ይቀነሳል። 1300ውና 1600ው የፒስተን ምታቸው እኩል 69 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለያዩት በሲሊንደሩ ስፋት ነው፤ የአንዱ 77፣ የሌላው 85.5 ሚሊሜትር ነው። ለዚህም ነው 1300ን ወደ 1600 ማሳደግ የሚቻለው፤ የሞተሩ አካልና ቴስታታው በቶርኖ መስፋት ግን ይኖርባቸዋል። ሞተሩ በሙሉ ከተቀየረ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መስማማት አለበት፤ አለበለዚያ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ችግር ይፈጠራል።

ብልህ ባለቤት የፈታውን ዕቃ አይጥልም። ፓራውልቱን፣ የፊት ቱቦውን፣ የድሮውን ሾክ አብዞርበር ዘይት ቀብቶ ያስቀምጣል፤ የዘንጉ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የነበረበትንም ቦታ በቀለም ምልክት ያደርግበታል። ነገ መኪናዋ ለሌላ ሰው ብትሸጥ፣ ወይም ቤተሰቡ ወደ ጠጠር መንገድ ሰፈር ቢዛወር፣ መካኒኩ ያንን ምልክት ተከትሎ ቮልሷን ወደ ፋብሪካ ቁመቷ ይመልሳታል።