ላይብረሪው አይገምት፦ ለውቅር ቋንቋ ሌክሰርና ፓርሰር ስለ መሥራት



የውቅር ቋንቋ የምንለው አንድ ፕሮግራም በየትኛው ፖርት እንደሚሠራ፣ ከየትኛው የመረጃ ቋት እንደሚገናኝና እነዚህን የመሳሰሉ መመሪያዎች የሚጻፉበትን ቋንቋ ነው። ይህን ቋንቋ የሚያነብ ላይብረሪ ሥራው በሁለት ይከፈላል። ሌክሰር የፊደላቱን ተርታ ቶክን ወደሚባሉ ቁራጮች ይከፋፍላል፤ ፓርሰር ደግሞ ቶክኖቹን በሰዋስው ሕግ አያይዞ ዛፍ ያበጃል። «ፖርት = 8080» የሚለው መስመር ለሌክሰር ስም፣ የእኩል ምልክትና ቁጥር ነው፤ ለፓርሰር ግን አንድ ቁልፍ ከነዋጋው ነው።

ይህ ክፍፍል ቀላል ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ላይብረሪው ከተጻፈው አልፎ የጸሐፊውን ሐሳብ መገመት ሲጀምር ነው። ያምል በተባለው ቋንቋ 1.1 እትም፣ ያለ ጥቅስ ምልክት የተጻፉት «የስ» እና «ኖ» የተሰኙ የእንግሊዝኛ ቃላት እውነትና ሐሰት ተብለው ይተረጐማሉ። የኖርዌይ የአገር መለያ ደግሞ ኤን እና ኦ የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ናቸው። በመሆኑም በአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኖርዌይ «ሐሰት» ሆና ትገኛለች። 22:30 ተብሎ የተጻፈ ሰዓትም በስልሳ ቤት ተሰልቶ 1350 የሚል ቁጥር ይሆናል።

ከሁሉ የሚከፋው የስሕተቱ ዝምታ ነው። ፕሮግራሙ አይቆምም፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። በ2009 የወጣው 1.2 እትም እነዚህን ሕጎች ከመሠረታዊ አተረጓጐሙ አስወገደ። ሆኖም ፓይያምልን የመሰሉ ላይብረሪዎች በ1.1 ሕግ ቀጥለዋል፤ ነባር ፋይሎች የተደገፉበትን ሕግ መሻር ከባድ ነውና። በ2013 የተጀመረው ቶምል ግን ጽሑፍ የሆነ ዋጋ ሁሉ በጥቅስ ምልክት እንዲከበብ ያስገድዳል። ጸሐፊው ሁለት ምልክቶች ይጨምራል፤ በምላሹ ከግምት ይድናል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ቦታን መያዝ ነው። እያንዳንዱ ቶክን የመጣበትን መስመርና ዓምድ ይዞ መጓዝ አለበት፤ አለዚያ ፓርሰሩ ስሕተት መኖሩን እንጂ የት እንዳለ ሊናገር አይችልም። ዓምድ ሲቆጠር ደግሞ ፊደል እንጂ ባይት አይቆጠር። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ስም = » ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ዋጋ ለዓይን በ6ኛው ዓምድ ላይ ሳለ፣ ባይት የሚቆጥር ሌክሰር 10ኛው ላይ ነው ይላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የተፈተነ ላይብረሪ ይህን ጉድለት ፈጽሞ አያሳይም።

ስለዚህ ላይብረሪ ስትሠሩ ይህን ሥርዓት ያዙ፦ ሌክሰር ቅርጽን ይለይ፤ ፓርሰር መዋቅርን ይወስን፤ የዋጋውን ዓይነት ደግሞ ወይ ጸሐፊው በምልክት ይግለጽ፣ ወይ ተቀባዩ ፕሮግራም «ቁጥር እፈልጋለሁ» ብሎ በግልጽ ይጠይቅ። ያልተረዳውን ነገር ቦታውን ጠቁሞ «አልተረዳሁም» የሚል ፓርሰር፣ ተረድቻለሁ ብሎ ከሚያሳስት ይሻላል።