የጉድጓዱ ባለቤት ማን ነው?

በአማራ ክልል ገጠር ውሃ ማውጣት ለረጅም ጊዜ የወረዳና የረድኤት ድርጅት ጉዳይ ነበር። ቦታውን እነሱ ይመርጣሉ፣ ሲሚንቶውን እነሱ ይገዛሉ፣ ነዋሪው ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፤ በመጨረሻም ሪባን ይቆረጣል። ፓምፑ የቆመ ለት ደግሞ መንደሩ የተከለው አካል ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቃል። እናቶች ግን መጠበቅ አይችሉም፤ ጀሪካናቸውን አዝለው በዚያው ቀን ወደ ቀድሞው ወንዝ ይወርዳሉ።

በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1994 በክልሉ የተጀመረው የገጠር ውሃ ፕሮግራምም መጀመሪያ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ገንዘቡ የሚያልፍበት መንገድ ተለወጠ። ውሃ የፈለገ መንደር ኮሚቴ መርጦ ለወረዳው ያመለክታል፤ ማመልከቻው ሲጸድቅ ውል ይፈርማል፤ ገንዘቡም በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ) ቅርንጫፍ በኩል ይለቀቅለታል። ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ከግንበኛው ጋር በዋጋ የሚከራከረው፣ ሂሳቡን የሚያወራርደው ኮሚቴው ነው። ነዋሪው ከጉልበቱ ሌላ ለወደፊት ጥገና የሚሆን ጥሬ ገንዘብ አስቀድሞ ይቆጥባል።

ማንበብ የማይችል ገበሬ ይህን ሁሉ ገንዘብ እንዴት ይይዛል የሚለው ስጋት የገጠሩን ሰው ካለማወቅ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። እድሩን ከአባት ወደ ልጅ ያሻገረ፣ እቁቡን ሳንቲም ሳያጎድል የሚያዞር ሕዝብ ሂሳብ አያስቸግረውም። ከኮሚቴው አባላት ግማሽ ያህሉ ሴቶች እንዲሆኑ መደረጉም ልብ ሊባል ይገባል፤ ውሃ የጠፋ ለት ማን እንደሚንከራተት የሚያውቁት እነሱ ናቸውና ቁልፉና የገንዘቡ ሳጥን በእጃቸው ሲሆን ሥራው ቸል አይባልም።

ውጤቱም ታየ። እ.ኤ.አ. በ2010/11 የተካሄደው ሀገር አቀፍ ቆጠራ ከገጠር የውሃ ተቋማት ሩብ ያህሉ አገልግሎት እንደማይሰጡ ሲያመለክት፣ በማኅበረሰቡ እጅ ከተሠሩት ውስጥ ግን ከመቶ 90 በላይ የሚሆኑት እንደሚሠሩ የፕሮግራሙ ሪፖርቶች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 አሠራሩ ኮዋሽ በተባለው ፕሮጀክት ወደ ሌሎች ክልሎችም ተዛመተ።

የመንደሩ ዕውቀት በቁፋሮውም ላይ ይለያል። በጥቅምት፣ ክረምቱ አፈሩን አጥግቦ በወጣ ማግስት የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃው ቶሎ ይገኛል፤ ሚያዝያ ሲደርስ ግን ይነጥፋል። ስለዚህ የሚቆፈረው በበጋው መጨረሻ፣ ውሃው በጣም በራቀበት ጊዜ መሆን አለበት። ሥራውን ለበጀት መዝጊያ ለማድረስ የሚጣደፍ መሥሪያ ቤት ይህን ይዘነጋል፤ ከዚያው ጉድጓድ ዕድሜ ልኩን የሚጠጣ ሰው አይዘነጋም።

ነገር ግን "ማኅበረሰቡ ያስተዳድረው" የሚለው ቃል መንግሥት እጁን የሚታጠብበት ውሃ እንዳይሆን እሰጋለሁ። በብዙ መንደሮች የተተከለው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ የተሠራው ቀላል ሥልጠና ያገኘ የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ቶሎ የሚያልቀው የውስጡ ጎማ ነው፤ ዋጋውም ከባድ አይደለም። ጎማው በቅርብ ካልተሸጠ ግን በአብቁተ የተቀመጠው ቁጠባ ፓምፑን አያስነሳም። በክልሉ የተከሰተው ጦርነትና የመንገድ መዘጋት ይህን አብሶታል፤ በወር በወሩ የሚዋጣው ጥቂት ብርም ከገበያው ዋጋ ጋር መሮጥ አልቻለም።

ሌላው ከኮሚቴው አቅም በላይ የሆነው የውሃው ንጽሕና ነው። የሀገሪቱ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ይላል። በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ የጋራ ክትትል መሠረት ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ከገጠሩ ሕዝብ ደጁ ላይ፣ በፈለገው ሰዓት፣ ከብክለት የጸዳ ውሃ የሚያገኘው ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበር። ኢኮላይ የተባለውን ተሕዋስ በዓይን አይቶ የሚለይ ሰው የለም። ኮሚቴው ጉድጓዱን ያጥራል፣ ከብት እንዳይጠጋ ያስጠብቃል፣ ዙሪያውን ያጸዳል፤ ናሙና ወስዶ መመርመር፣ ክሎሪን ማቅረብ፣ ውጤቱንም ለነዋሪው መንገር የወረዳው ውሃና ጤና ጽሕፈት ቤቶች ግዴታ ነው። ለዚህ ሥራ መርማሪ፣ ሞተር ሳይክልና ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ከመለዋወጫ መሸጫው ጋር በየዓመቱ የወረዳ በጀት ውስጥ ስሙ ተጠርቶ መያዝ አለበት።